የማን ዘጠኝ ሰዓት

ጥቅምት 11

መጀመሪያ ይህ ይታወቅ። በእኔ ኮርስ ማንም ከመቶ አይጀምርም። ሁሉም ከዜሮ ይጀምራል። ነጥቡን እየለቀመ ይሄዳል፤ ስድሳ ከሞላ ያልፋል፣ ካልሞላ ይወድቃል። የምቀንሰው ነገር የለም። ያልተሰጠ ነገር ከየት ይቀነሳል?

ይህን በየዓመቱ እናገራለሁ። በየዓመቱ አይሰሙኝም። ዛሬ የመጀመሪያውን ፈተና ወረቀት ስመልስ ያው የተለመደው... «ቲቸር ሁለት ቆረጡብኝ።» አልቆረጥኩም፣ አልሰጠሁም። የሚቆረጥ ሥጋ ነው።

ጡረታ ወጥቼ ቤት መዋል ስላቃተኝ የያዝኩት አንድ ኮርስ ነው፤ የድንገተኛ እርዳታ። ሰባው ነጥብ በክፍል ይለቀማል፤ በመገኘት፣ በጽሑፍ ፈተና፣ በቡድን ሥራ። ሠላሳው በተግባር ነው። ደሙ የሚፈስ ሰው ክንድ ማሰር። ስድስት መስመር አለው፣ ለእያንዳንዱ አምስት ነጥብ። መስመሩን ያሟላ አምስት፣ ያላሟላ ባዶ። ግማሽ የለም። ደም በግማሽ አይቆምም።

ከሰዓት በአዘዞ በኩል ተኩስ ነበር። አጭር። ተማሪዎቹ ከወረቀታቸው ቀና አላሉም።

ጥቅምት 19

የሻው ዛሬ መጣ። ሁለት ሳምንት ቀርቶ። አገሩ መካነ ብርሃን ነው፣ መንገዱ ተዘግቶ ነበር። የመገኘት ነጥቡ እንደሌለ ነገርኩት።

«ምነው እትዬ፣ መንገዱን የዘጋሁት እኔ ነኝ?»

አይደለህም አልኩት። ያልተገኘ ግን አልተገኘም።

ከክፍሉ ሁሉ በዕድሜ ይበልጣል። ሌሎቹ ቲቸር ሲሉኝ እሱ ብቻ ነው እትዬ የሚለኝ። ኮርሱን ሲወስድ ሁለተኛው ነው፤ ሁለቴ የወደቀ ይሰናበታል፣ የኮሌጁ ደንብ ነው። የቀበሌው ሰው መርጦ ነው የላከው። ጤና ኬላ አላቸው፣ ባለሙያ የላቸውም። ባለፈው ክረምት አጎቱ በድንበር ጠብ ክንዱን በገጀራ ተመትቶ፣ የተቆለፈው ጤና ኬላ በር ላይ ደሙ አለቀ። የሻው የአጎቱን ጭንቅላት ደግፎ ይዞ ነበር። «በሩን በእግሬ ስመታ እሱ አለቀ» አለኝ። ረጋ ብሎ። እንዲህ ረጋ ያለ ሰው ያስፈራኛል...

ኅዳር 2

የተግባር ፈተና። የሻው እስካሁን የለቀመው ሠላሳ ሦስት ነው። ዛሬ ቢያንስ ሃያ ሰባት ያስፈልገው ነበር።

ቁስለኛ ሆና የተኛችለት ተማሪዬ ምስጢር ናት። ክንዷ ላይ ቀይ ቀለም አፈሰስኩ። እንዲህ ያለ እጅ አይቼ አላውቅም! ጨርቁን ከቁስሉ በላይ ጠመጠመ፣ በትሩን አስገባ፣ አጠነከረ። ምስጢር «ቀስ በል፣ አጥንቴን» እያለች እንባዋ መጣ። አልሰማትም። የእጇን ደም ሥር ዳበስኩ። ጸጥ ብሏል። አምስት መስመር ሞላ፣ ሃያ አምስት።

ስድስተኛው መስመር፦ የታሰረበት ሰዓት ግንባር ላይ ይጻፍ፣ ሰዓቱ የማን እንደሆነ ይታወቅ። «3፡00» ብሎ ጻፈ።

«የማን ሦስት?» አልኩት።

«የጠዋቱ ነዋ።»

ሆስፒታሉ የሚጽፈው በፈረንጅ ነው። ሐኪሙ 3፡00 ሲያይ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት የታሰረ ይመስለዋል። ስድስት ሰዓት ታስሮ የቆየ ክንድ ደግሞ ሞቷል፤ ማሰሪያውን ቢፈቱት መርዙ ወደ ልብ ሄዶ ሰውየውን ይገድላል። ስለዚህ ይቆርጡታል። በእኛ ሰዓትና በፈረንጅ ሰዓት መካከልስ ስንት ነው? ስድስት። ይህን ለክፍሉ ስንቴ ተናገርኩ።

«በመካነ ብርሃን ፀሐይ አንድ ናት እትዬ» አለ። «ሰዓቱም አንድ ነው።»

ክፍሉ ሳቀ። ወንድምአገኝ ከኋላ፣ «አንድ ፀሐይ!» ብሎ ጮኸ። ስም ወጣለት።

ስድስተኛው መስመር ባዶ። ድምሩ አምሳ ስምንት።

ኅዳር 3

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ጠዋት ውጤቱ ተለጠፈ። የሻው ቆሞ አነበበው። ወንድምአገኝ የከተማ ልጅ ነው፣ ሰማንያ አንድ አለው፣ አፉ ሥራ አይፈታም። «አንድ ፀሐይ፣ ስንት ሰዓት ሆነ?» አለው። የሻው ተወኝ አለው። ወንድምአገኝ ሰዓቱን አውልቆ ዘረጋለት፣ «እንካ፣ ባለ ሁለት ፀሐይ ነው።»

ድንጋዩን ሲያነሳ አላየሁትም። ድምፁን ነው የሰማሁት። እንደ ሸክላ። ወንድምአገኝ በጉልበቱ ወደቀ፣ ከአፉ ደም እየደፋ። የሻው ላዩ ላይ ወጥቶ በቡጢ ደገመው፣ ሠለሰው። ትናንት ጨርቁን ሲያጠነክር የነበረው እጅ ነው። ዘበኞቹ አንገቱን ይዘው እስኪጎትቱት ድረስ ፊቱ አልተለወጠም።

ሁለት የፊት ጥርስ። አንዱን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ጥርስ ሲወልቅ እንዴት ትንሽ ነው...

ከሰዓት ዲኑ፣ አቶ ተክለ ጊዮርጊስ፣ አስጠሩኝ። አምስት ነጥብ ምን አላት፣ ይስጡትና በሰላም ይሂድልን አሉኝ። መስመሩ ባዶ ነው አልኳቸው። ባዶ መስመር ላይ አምስት ብጽፍ ነገ የሰው ክንድ ይወድቃል። ከደም አፍሳሽ ጋር ክርክር ይሻልዎታል ወይ አሉ። የሻው ከኮሌጁ ተሰናብቷል።

ኅዳር 4

ማለዳ። ገና ውሃ ሳልቀዳ የሻው የግቢዬን በር በዱላ ይቀጠቅጣል። እዚህ ፀዳ ድረስ ቤቴን ማን አሳየው?

«አንቺ!» አለኝ።

እትዬ አይደለም። አንቺ። ከዱላው ይልቅ ቃሉ መታኝ።

«አምስት ነጥቤን ስጪኝ። ቀጣዩን ሰው ማን ያስረዋል? አንቺ ነሽ ዳገቱን የምትወጪው?»

መቀርቀሪያውን ያዝኩት። በእግሩ ገፋው። ቆርቆሮው ተበርግዶ ግራ እጄን ከግድግዳው ጋር ቀረጠፈው። ተሰማኝ፣ ቀጭ ሲል። ወደቅኩ። እሱ በላዬ ቆመ። ዱላው ወደ ላይ ነበር። ወደ ታች ግን አልመጣም። ለምን አልመጣም?

ጎረቤቴ አያ ሐዲስ ፍልጥ ይዘው ደረሱ። ጀርባው ላይ አሳረፉበት። ወደቀ። ድገሙት አልኩ በልቤ... በልቤ ብቻ ነበር? ድምፅ አውጥቼ ይሆን? አያ ሐዲስ ደገሙት። ጎኑን። ሲያነክስ ወጣ፣ እየተፋ። ምራቁ ደም ነበረው።

የእጄን አንጓ ራሴ በቀጭን ጣውላ አሰርኩ። የታሰረበትን ሰዓት አልጻፍኩም። ለማን?

ኅዳር 9

ከንጋት ጀምሮ ተኩስ። ከባድ መሣሪያም አለበት። ኮሌጁ ተዘጋ። ኔትወርክ የለም።

ኅዳር 10

ያው። የአያ ሐዲስ በቅሎ በረት ውስጥ እንደቆመች በጥይት ተመትታ ሞተች። ያን የመሰለ ክንድ ያላቸው ሰው ቁጭ ብለው አለቀሱ።

ኅዳር 12

ስልኩ ሲጮህ ደነገጥኩ። ኔትወርክ መቼ እንደመጣ አላወቅኩም። በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከቀኑ አሥር ሰዓት ነው።

ምስጢር ናት፣ ሆስፒታል ትለማመዳለች። የቁስለኞቹ ጩኸት ከእሷ ድምፅ ይበልጣል። ወንድምአገኝ ክንዱን በጥይት ተመትቶ መጥቷል አለች። በቀበቶና በእንጨት ታስሯል። ራሱን ስቷል። ያመጣው ባጃጅ በር ላይ ጥሎት ተመልሷል።

«ግንባሩ ላይ 9፡00 ይላል ቲቸር። ሐኪሙ ከጠዋቱ ዘጠኝ በፈረንጅ ነው፣ ሰባት ሰዓት ሞልቶታል፣ ክንዱ አልቋል ይላል። መጋዙ ተዘጋጅቷል።»

የእኛ ዘጠኝ ከሆነስ? ከታሰረ አንድ ሰዓቱ ነው። ክንዱ ሕያው ነው። ግን ተኩሱ ከንጋት ጀምሮ ነው፤ ሁለቱም ይሆናል። ክንዱስ? ቀዝቅዟል፣ አብጧል፣ አይለይም አለች።

ማን አሰረው አልኳት። የባጃጁ ልጅ፣ ያሰረው አንድ ደገኛ ነው፣ ያነክሳል ብሏል አለች።

ያነክሳል።

ቁጭ አልኩ። የሻው ከሆነ ያው የእኛ ዘጠኝ ነው፣ ሌላ ሰዓት አያውቅም። ግን አምስቱን ነጥብ ከነሳሁት በኋላ ነው የጻፈው። የነገርኩት ገብቶት፣ ለሐኪሙ ብሎ ወደ ፈረንጅ መልሶት ቢሆንስ? እንግዲህ አስተምሬው ከሆነ ክንዱ ይቆረጣል። ካላስተማርኩት ይድናል። ፍቱት ብዬ ብሳሳት ደግሞ ልጁ ይሞታል። በዚህ ሁሉ ዘመን እንዲህ ያለ ጥያቄ ወጥቶልኝ አያውቅም።

«ከቁጥሩ ሌላ ምን አለ?»

«ምንም። ደም ነው... ሸረሪት የመሰለ ነገር አለ።»

«አርጥበሽ ጥረጊው። ቀለሙን እንዳታጠፊው።»

ጠበቅኩ። ከጀርባዋ ሰው ቶሎ በይ ይላታል።

«የሸረሪቱ እግሮች በሁለት ጎን ናቸው ወይስ ዙሪያውን?»

«ዙሪያውን።»

ጎንበስ ስትል ድምፅዋ ራቀ።

«ቲቸር... ፀሐይ ናት።»

«ስንት?»

«አንድ።»

የእኛ ዘጠኝ ነው፣ መጋዙን መልሱ፣ ይፈታ፣ ለሐኪሙ እኔ ነኝ ያልኩት በይው አልኳት። እሺ ስትል ሰማሁ። ከዚያ ስልኩ ተቋረጠ።

ቢሞት እኔ ነኝ የገደልኩት።

ኅዳር 13

ኔትወርክ የለም። አልበላሁም።

ኅዳር 14

ተኩሱ ጋብ ሲል በእግሬ ሄድኩ። መንገድ ላይ የተቃጠለ መኪና፣ ጫማ፣ አንድ ነጠላ... አላየሁም ብዬ አለፍኩ።

ክንዱ አለ። አንሶላው ላይ፣ አምስት ጣት፣ ቀይ። ምስጢር ስታየኝ ሮጣ አቀፈችኝ፣ የተሰበረውን እጄን ረስታ። ሲፈቱት መጀመሪያ ትንሿ ጣት ነበረች የቀላችው አለች።

ወንድምአገኝ ነቅቷል። የፊት ጥርስ ስለሌለው ቃሉ ይንሸራተታል። መንገድ ዳር ወድቆ ሲጮህ የሻው ከየት እንደመጣ አያውቅም። ሊጨርሰኝ ነው ብሎ ዓይኑን ጨፈነ።

«ሲያስረኝ ይሰድበኝ ነበር ቲቸር። ዝም በል አንተ ጥርሰ ቢስ እያለ። ስወራጭ በጥፊ መታኝ። ብትሞት እትዬ አምስት ነጥብ ትቆርጥብኛለች አለኝ።»

አልቆርጥም! ስንቴ ልናገር?

«እሱስ?» አልኩ።

ባጃጁ ላይ ሲጭነው ሌላ ሰው ከመንገዱ ማዶ ወደቀ። ሴት። የሻው ቀበቶውን ለወንድምአገኝ ስለሰጠ የሸሚዙን እጅጌ በጥርሱ እየቀደደ፣ እያነከሰ ወደዚያ ሄደ። ከዚያ በኋላ ያየው የለም።

እትዬ ነው ያለው። አንቺ አላለም።

ኅዳር 21

ኮሌጁ ተከፈተ። ስድስተኛውን መስመር አስተካከልኩት። ሰዓቱ የማን እንደሆነ ይታወቅ ብቻ አይልም አሁን። እንዲህ ይላል፦ ሲታሰር ያልነበረ ሰው ግንባሩን አይቶ የማን ሰዓት እንደሆነ ከለየ፣ አምስት።

በዚያው መስመር የሻውን መዘንኩት። አምሳ ስምንትና አምስት፣ ስድሳ ሦስት። አቶ ተክለ ጊዮርጊስ የተሰናበተ ሰው ውጤት አይሞላም አሉ። የሰበረው ጥርስ ለብቻው ይጠየቅበት፣ የእኔም እጅ፤ ነጥቡ ግን የለቀመው ነው አልኳቸው። ወንድምአገኝ በደህና እጁ የፈረመበትን ማመልከቻ ጠረጴዛቸው ላይ አኖርኩ። አነበቡት። ማኅተሙን አመጡ።

ከመካነ ብርሃን የሚመጣውን ሰው ሁሉ እጠይቃለሁ። አልደረሰም ይላሉ። አያ ሐዲስም ይጠይቃሉ፣ ፊታቸውን ወደ ሌላ አዙረው።

ስልኩ ላይ የምጽፈው መልእክት አልሄደም እያለ ይመለሳል። ኔትወርክ ሲመጣ የምልከውን እዚህ ልጻፈው፦

የሻው፣ ስድስተኛው መስመርህ ሞልቷል። አልፈሃል። ወረቀትህ እኔ ዘንድ ነው፣ የግቢዬ በር መቀርቀሪያ የለውም፣ አልጠገንኩትም። የተቆለፈው የአገርህ ጤና ኬላ ይጠብቅሃል። ቁስለኛ ከሆንክ ያለህበትን ንገረኝ፣ አያ ሐዲስና እኔ እንመጣለን። መጻፍ ካቃተህ ፀሐይዋን ብቻ ላክልኝ፣ የማን እንደሆነች አውቃለሁ። መልስልኝ። ቶሎ በል።