ጋሽ ቀና በል እና የአሥራ አንድ ዓመት ምራቂያቸው

አባታችን ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1946 ዓ.ም. ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው አጎታቸው ፀጉር ቤት ገቡ፤ በሃያ ዓመታቸው የራሳቸውን ወንበርና መስታወት አቆሙ። ደንበኛ አንገቱን በደፋ ቁጥር «ቀና በል» ስለሚሉ ስማቸው ተረስቶ «ጋሽ ቀና በል» ሆነው ቀሩ። በ1971 ዓ.ም. ከእናታችን ጋር ትዳር መሥርተው እኛን ሦስት ልጆቻቸውን አፈሩ።

ደም ግፊት እንዳለባቸው ሲነገራቸው ክኒኑን አንድ ወር ወሰዱ፤ ራስ ምታቱ ሲተዋቸው እርሳቸውም ክኒኑን ተዉት። እናታችን ቢለምኑ፣ ቢቆጡ፣ በጄ አላሉም። በ2005 ዓ.ም. አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ምላጩ ከእጃቸው ወደቀ፤ ምላሳቸው ተሳሰረ፤ ወንበሩ ሥር ተዘረሩ። ሆስፒታል ሲደርሱ ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈስሶ አንጎላቸውን ተጭኖት ነበር። ሐኪሙ ለእናታችን ሳይሸፋፍኑ ነገሯቸው፤ ተከፍቶ ደሙ ካልወጣ አይተርፉም፣ ቢወጣም ዳግም መናገራቸው አያስተማምንም። እናታችን ፈረሙ።

ቀዶ ሕክምናው አራት ሰዓት ፈጀ። ከዚያ ዘጠኝ ቀን ዝም አሉ፤ ያንን ድምፅ ዳግም የምንሰማው አልመሰለንም። በአሥረኛው ቀን ግራ እጃቸውን አንሥተው ራሳቸውን ዳበሱ፤ አንዱ ወገን ተላጭቷል፣ ሌላው ጎፍሯል።

«ይሄን ማን ነው የላጨው?» አሉ።

እናታችን እያለቀሱ ሳቁ። ለካስ በጥድፊያው የላጩት ራሳቸው ሐኪሙ ኖረዋል። አባታችንም ጅምር ሥራ ትቶ የሚሄድ ባለሙያ አይተው እንደማያውቁ ነግረው፣ ሲሻላቸው ፀጉር ቤታቸው እንዲመጡ ጋበዟቸው።

ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ ስላላቸው በግራ መቁረጥ ተማሩ። መጀመሪያ ራሳቸውን የሰጡት ሐኪሙ ነበሩ፤ እውነቱን ለመናገር አላማረባቸውም። ሆኖም በየሦስት ሳምንቱ መምጣት አልተዉም። ከመስታወቱ አጠገብ የግፊት መለኪያ ተቀመጠ፤ ግፊቱ ከፍ ያለ ደንበኛ ጤና ጣቢያ ሳይሄድ መቀስ አይነካውም ነበር። ስንቱ አኩርፎ ወጥቶ አመስግኖ ተመለሰ! የራሳቸውንም ክኒን ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልሳቱም። እነዚያን አሥራ አንድ ዓመታት «ምራቂዬ» ይሏቸው ነበር። በምራቂያቸው የመጨረሻ ልጃቸውን ዳሩ፤ የአራት የልጅ ልጆቻቸውን ፀጉር በግራ እጃቸው ቆረጡ።

በሳንባ ሕመም ሁለት ወር ሲታከሙ ቆይተው የካቲት 14 ቀን 2016 ዓ.ም. በሰባ ዓመታቸው አረፉ። እናታችን፣ እኛ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ሐኪሙን ከልብ እናመሰግናለን። እርሳቸውም ዛሬ ከመካከላችን ቆመዋል። ፀጉራቸው ጆሯቸውን ሸፍኗል፤ አባታችን ታመው ከተኙ ወዲህ ሌላ መቀስ አላስነኩትም።

አባታችን፣ ቀና ብለው ይግቡ። ምራቂውን የሰጠዎት አምላክ ነፍስዎን በዕረፍቱ ያኑርልን።