የእማዬ ሐምራዊ ድንጋይ

ሐሙስ፣ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ሐረር

ዛሬ ታላቅ እህቴ ሙሉ ሌባ አለችኝ። ያውም ልትጠይቀኝ በመጣችው ልጄ ፊት።

እማዬ ስትሞት ሐምራዊ ድንጋይ ያለበት ሐብሏ ለሙሉ፣ የዚያው ድንጋይ ጉትቻዋ ለእኔ ደረሰ። ባለፈው ጥር ለልጄ ሠርግ ሐብሉን ተውሼ በሳምንቱ መለስኩ። ሙሉ ወስዳ ሸዋ በር ባለው የልብስ ሱቋ መስታወት ውስጥ ለጌጥ ሰቀለችው። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚመታው መስታወት ነው። ዛሬ አውርዳ ብታየው ድንጋዩ ነጥቶ ውሃ መስሏል።

"ዋናውን አስቀርተሽ ሌላ አስገጥመሽበታል" አለችኝ።

ጀጎል ውስጥ ወዳለው ወርቅ ሠሪ ይዣት ሄድኩ። አገላብጦ አየና "ድንጋዩ ራሱ ነው፤ ይሄ ዓይነቱ ፀሐይ ሲበዛበት ቀለሙን ይለቃል" አላት። እሷ ግን ወደ እኔ ዞራ "ቀድመሽ ነግረሽዋል" አለች።

እማዬ ታዲያ በጨርቅ ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ የምታኖረው ለምን ነበር? ሙሉ እዚያው መስታወት ውስጥ የምትሰቅለው ቀሚስ በየጊዜው እየነጣ በርካሽ ስትሸጠው ፀሐዩን ትረግማለች። ድንጋዩ ሲነጣ ግን ሌባዋ እኔ ነኝ።

ቤት እንደገባሁ አንዱን ጉትቻ ሣጥኑ ውስጥ ትቼ ሌላውን ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ላይ አስቀመጥኩት። ሲነጣ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ አሳያታለሁ።

ልጄ አየችኝ። "እማ፣ እሱ እኮ ለእኔ አወርስሻለሁ ያልሽኝ ጉትቻ ነው" አለች።

አላነሳሁትም።