የግቢው ማጣሪያና የእኔ ማጣሪያ

ሰበታ፣ ነሐሴ 4 ቀን

የቧንቧ ውሃ ከጠፋ ሳምንት አለፈው። አከራዬ ጋሽ በላቸው የግቢውን የውሃ ታንከር ቆልፎ ቁልፉን በአንገቱ አንጠልጥሎ ይዞራል፤ እኛ ተከራዮቹ የወንዝ ውሃ እንጠጣለን። ጎረቤቴ ገመቹ በዚሁ ውሃ ሆዱን ታሞ ተኝቷል።

ዛሬ ማጣሪያ ልገዛ ሄድሁ። ባለሱቁ ሁለት አሳየኝ፤ አንዱ ለግቢ ሁሉ የሚበቃ፣ ሌላው ለአንድ ሰው ብቻ የሚሆን።

«ትልቁን ውሰድ ወንድሜ፤ ውሃ ለብቻ አይጠጣም» አለኝ።

ጋሽ በላቸው ጆጉን ይዞ ከትልቁ ሲቀዳ በሐሳቤ ታየኝ። ሁለት ትንንሽ ባልዲ የተደራረበበትን ትንሹን ገዝቼ፣ የወንዝ ውሃ ሞልቼበት ከአልጋዬ ሥር ደበቅሁት። ነገር ግን ውሃው ከላይኛው ባልዲ ወደ ታችኛው ሲንጠባጠብ በስሱ ግድግዳ አልፎ ተሰማ።

«ጣሪያዬ ያፈሳል እንዴ?» ሲል ጋሽ በላቸው ከደጅ ጮኸ።

«ምንም አያፈስም ጋሼ፤ አይጨነቁ» አልሁት።

ከግድግዳው ማዶ ገመቹ በደከመ ድምፅ «ማጣሪያ ነው አይደል? ሲጠራ ለእኔም አንድ ብርጭቆ» አለ።

የመጀመሪያውን ብርጭቆ ወስጄ አጠጣሁት። ጋሽ በላቸው ቁልፉን ይዞ ይኑር። ከታመመ ሰው ውሃ የምደብቅ ሰው አድርጎኝ ነበር፤ ከእንግዲህ ግን እንደዚያ እንዲያደርገኝ አልፈቅድለትም።