ሦስተኛው ወንበር

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? ያለሽበት ቤት ይሙቅልሽ፤ የያዝሽው ሁሉ ይቅናሽ። እኛ ደህና ነን፤ የአባትሽ ጉልበት ብቻ ብርድ ሲሆን ያስቸግረዋል።

ንድፉን የላክሽልን የወይን ጠጅ መቅመሻ ክፍል አለቀ። እንዳልሽው ግድግዳው ከወይን ማሳችን በተለቀመ ድንጋይ ተሠራ፤ ጣሪያውም ከላይኛው የወይን ተክል አይበልጥም። ከመንገድ ለሚያየው ኮረብታው ራሱ በር ያወጣ ይመስላል። አባትሽ ታዲያ በገባ ቁጥር ግንባሩን ይመታል። «ጎንበስ በል እንጂ» ስለው፣ «ልጄ አልተሳሳተችም፤ እኔ ነኝ የረዘምኩት» ይለኛል።

አንድ ነገር ግን ሳልነግርሽ አላልፍም። ኮረብታውን በሚያየው መስኮት ሥር ለእኔና ለአባትሽ ሁለት ወንበር ብቻ ነው የሣልሽው። ሦስተኛ እንዲገባ መስኮቱን አስፋልኝ ብዬ ግንበኛውን ብለምነው፣ «ንድፉ ላይ የለም» ብሎ እምቢ አለኝ። አባትሽም ንድፍሽ እንዳይነካበት ስለሚሳሳለት ወረቀቱን ጠቅልሎ ይዞ ወጣ። በማግስቱ ጠዋት ብሄድ ግን አባትሽ መዶሻ ይዞ የመስኮቱን ጠርዝ ራሱ ሲያፈርስ አገኘሁት። ቀና ብሎም አላየኝ።

አሁን ወንበሩ ሦስት ሆኗል። ያንቺው ላይ ድመቷ ተኝታበት አልነሳም ብላለች፤ እኛ ደግሞ ባዶውን ከምናየው ብለን ትተናታል።

ልብስ ደርበሽ ውጪ፤ ሥራ በዛ ብለሽ ጦምሽን አትዋይ። ፈጣሪ በሄድሽበት ይከተልሽ። ሲመችሽ ግን መጥተሽ ድመቷን አስነሺልን።

እናትሽ