ለሰማዩ ሾፌር ሰላምታ

አባኮ፣ ውድ አባቴ፤

ከተለየኸን አንድ ዓመት ከአራት ወር ሞላ። እስካሁን ሳልጽፍልህ የቆየሁት የምለው ጠፍቶኝ አይደለም፤ ፊትህ መቆም ፈርቼ ነው። ዛሬ ጥፋቴን ይዤ መጥቻለሁ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። እማዬ ደህና ናት፤ ጉልበቷ ብቻ ክረምቱን አልወደደውም። በከኒሳ ቀሴ ሰፈር ያለው የቤታችን አጥር ታድሷል። በርጩማህ በረንዳው ላይ እንዳለች ናት፤ የሚቀመጥባት ሰው የለም።

ባለፈው ወር ለመምህራን ሥልጠና አዲስ አበባ ሄጄ ነበር። ዕድሜህን ሙሉ አውቶቡስ የነዳህበት መንገድ ነውና አንተን ሳስብ ሄድኩ። ከነቀምት ወጥተን አኖ ከተማ ጋ ስንደርስ ከፊት የመጣ መኪና መብራቱን ሁለቴ ብልጭ አደረገ፤ ሾፌራችንም መለሰለት። አንተ "መንገድ ላይ ያለ ሰው ሰላምታ አይነፈግም" ትል ነበር። እንባዬ መጣ። አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ መኪና ያመመኝ መስሏት ሎሚ ሰጠችኝ።

ሥልጠናው ሲያልቅ ባልደረቦቼ ስለ ከዋክብትና ስለ ጠፈር ወደሚያሳየው ሙዚየም ወሰዱኝ። የጨረቃውን ፎቶ፣ የሮኬቱን ሞዴል፣ የጠፈርተኞቹን ወፍራም ልብስ እያየሁ አለፍኩ። መጨረሻ ላይ ከጣሪያው በሽቦ የተንጠለጠለ ባለ ክንፍ ነገር ሥር ቆምን። አስጎብኚዋ ሰዎች የሚኖሩበት የጠፈር ጣቢያ መሆኑን ነገረችን። አመሻሽ ላይ በዓይን ይታያል አለች፤ እንደ ደማቅ ኮከብ ሆኖ፣ ሳይርገበገብ፣ ያለ ድምፅ ያልፋል። ባልደረቦቼ ተደነቁ። እኔ ግን ያንን ብርሃን አውቀዋለሁ።

እኔን ለትዳር ለመጠየቅ ሽማግሌ የመጣበትን ዕለት ታስታውሳለህ? ደጅ ተቀምጠን ሳለ ያ ብርሃን ከምዕራብ፣ ከጊምቢ በኩል ብቅ አለ። ከጨዋታው መሃል ብድግ ብለህ የእጅ ባትሪህን ወደ ሰማይ ሁለቴ ብልጭ አደረግህና "አካም ኦልተን!" አልክ፤ እንዴት ዋላችሁ ብለህ ለሰማይ። ውስጡ ሰው እንዳለ በሬዲዮ ሰምቻለሁ፣ እነሱም መንገድ ላይ ናቸው አልክ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። የተማርኩት ልጅህ ደግሞ አውሮፕላን ነው ብዬ ሳቅኩ፤ "አርጅቷል፣ እለፉት" አልኳቸው። ሰማኸኝ። ባትሪውን ኪስህ ከተትክና ተቀመጥክ።

ከዚያ ወዲህ በረንዳው ላይ ሆነህ ሰማይ ስታይ አላየሁህም። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ተገላገልኩ ብዬ ነበር። እነዚያ ሽማግሌዎች እኮ፣ የላካቸውን ባለቤቴን ስጠይቀው፣ የባትሪውን ነገር አንድም ቀን አንስተውት አያውቁም።

ነቀምት እንደገባሁ ሁሉንም ለእማዬ ነገርኳት። ሰምታኝ ስታበቃ "መቼ ተወና" አለችኝ። ለካ ከቤቱ ጀርባ፣ ከሙዙ ሥር ቆመህ ታበራ ነበር፤ ልጄን ሰው ፊት አላሳፍራትም ብለህ። እስከታመምክበት ሳምንት ድረስ።

አባኮ፣ ጥፋተኛዋ እኔ፣ የተደበቅከው አንተ። እማዬ ይህን በነገረችኝ ቀን እንዳለቀስኩ በቀብርህም አላለቀስኩም።

እማዬ ባትሪህን ከሣጥኗ አውጥታ ሰጠችኝ፤ ድንጋዩን ቀየርኩለት። ጣቢያው የሚያልፍበትን ሰዓት በስልኬ እንዴት እንደማይ አስጎብኚዋ አሳይታኝ ነበር። ሁለት ቀን ደመና ከለከለኝ። በሦስተኛው ቀን በርጩማህን አውጥቼ አላፊ አግዳሚው በሚያየኝ ደጃፍ ላይ ተቀመጥኩ። መጣ፤ ልክ አስጎብኚዋ እንዳለችው ጸጥ ብሎ፣ ከጊምቢ ወደ አኖ። ብድግ ብዬ ሁለቴ ብልጭ አደረግሁና "አካም ኦልተን!" ብዬ ጮህኩ። ጉራጌው ባለሱቅ ጎረቤታችን ከመደብሩ አንገቱን አውጥቶ አየኝ። ምን ሆነች ሳይል አልቀረም፤ ይበል።

ይቅርታህን ከአፍህ መስማት አልችልም። እኔ ግን በሕይወት እስካለሁ ባለፈ ቁጥር ብድግ እላለሁ፤ ልጅ ስወልድም ባትሪው የማን እንደነበረና ለምን ከጓሮ ይበራ እንደነበር ሳልደብቅ እነግረዋለሁ። ከእንግዲህ ግን ከደጃፍ ነው የማበራልህ።

ልጅህ