የአባባ ወንበርና የዘንድሮው ቡድን

ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ወንድሜ ለቪልማንታስ፣

እንደምን ሰነበትክ? ባለቤትህ ሚግሌስ እንዴት ናት? ያ ጉንፋን ለቀቃት? ትንሹ ዶማስ ጥርስ አወጣ ወይስ አሁንም እያለቀሰ ያሳድራችኋል? እዚያ ስታቫንገር ዝናቡስ ልብስ ለማድረቅ ፋታ ይሰጣችኋል? እኛ ከአባባ ዳሌና ከእኔ ንዴት በቀር ደህና ነን። ዘንድሮ ጫካው እንጉዳይ በእንጉዳይ ሆኗል፤ የደረቀውን በጨርቅ ቋጥሬ አስቀምጬላችኋለሁ።

ይህን ነገር በስልክ ልነግርህ ሞክሬ ሳቅክብኝ። ስለዚህ እጽፈዋለሁ፤ አሁንም ብትስቅ ቢያንስ አልሰማህም።

ጥፋቱ ያንተ ነው። የቅርጫት ኳስ ቡድናችን ገርቬ በበጋው ዕረፍት ሦስት አዳዲስ ተጫዋቾች ማስፈረሙን እንደሰማህ፣ ለአባባ ደውለህ «ዘንድሮ ዋንጫው የእኛ ነው» አልካቸው። ልታስደስታቸው ብለህ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ሐኪሙ የዳሌያቸውን መገጣጠሚያ በኅዳር ሊቀይርላቸው ቀን ቆርጦ ነበር። ያንተን ስልክ እንደዘጉ «ዋንጫ የሚበላ ቡድን ተገኝቶ እኔ አልጋ ላይ? ውድድሩ ግንቦት ላይ ይለቅና ያኔ እተኛለሁ» ብለው ቁጭ አሉ። ሐኪሙ ደግሞ እስከ ግንቦት ከቆዩ መራመዳቸው ያሰጋል ብሎኛል። አሁን እንኳ ከወጥ ቤት እስከ በር የሚሄዱት ግድግዳ ይዘው ነው።

እኔም ቡድኑ ለዋንጫ እንደማይበቃ ካስረዳኋቸው እሺ ይላሉ ብዬ ተነሣሁ። እስቲ አንተ ፍረድ፤ በወጣትነትህ ኳስ አቀባይ ነበርክ። ያ ረጅም ላትቪያዊ ከቅርጫቱ ሥር ከቆመ የሚነቀንቀው የለም፣ እሺ፤ ሲሮጥ ግን ቁም ሳጥን ነው። ሁለቱ አሜሪካውያን ከሩቅ መወርወር ይችሉበታል፤ ኳስ ከእጃቸው የሚወጣው ግን ወደ ቅርጫት ብቻ ነው። ስንት ዓመት ኳሱን ለሁሉም ሲያድል የኖረውን ታውትቪላስን «አርጅቷል» ብለው አሰናበቱት። ዘፈን እንኳ ሁሉም አውራጅ ከሆነ ተቀባዩ ማን ነው? አባባ ቀዝቃዛ የቀይ ሥር ሾርባቸውን እየጠጡ ሰሙኝና «አንቺ ደግሞ ገና ሳይጫወቱ ትቀብሪያቸዋለሽ! የልጆቹ እጅ ወርቅ ነው፤ አቀባይ እንደሆነ እስከ ገና ይገዛል» አሉኝ። ላም አለኝ በሰማይ! ጎረቤታችን ዩርጊስም አላረፈም፤ «ተዪው ልጄ፣ አባትሽ ዋንጫውን ሳያይ አይሞትም» ይለኛል። ደሜ ፈላ።

ባለፈው ቅዳሜ የወዳጅነት ጨዋታ ነበርና፣ በዓይናቸው ካዩ ያምናሉ ብዬ ወሰድኳቸው። ወንበራቸውን ታውቀዋለህ፤ ከእማማ ጋር ይቀመጡበት የነበረው፣ ላይኛው ረድፍ ያለው ነው። እኔና ዩርጊስ ግራና ቀኝ ደግፈን ስናወጣቸው ደረጃው መሃል ላይ ቆሙ። ላብ በላብ ሆነዋል። ሰው ሲያያቸው ጊዜ የጫማቸውን ማሰሪያ እንደሚያዩ አስመሰሉ። አሳዘኑኝም፣ አናደዱኝም።

ጨዋታው ላይ ያልኩት ሁሉ ሆነ። ወርዋሪዎቹ አንዱ ለሌላው ኳስ ነፈገ፤ ላትቪያዊው እጁን ዘርግቶ ቆሞ አመሸ። ከታችኛው ሊግ በመጣ ቡድን ተሸነፍን። በሆዴ ደስ አለኝ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ስንመለስ አባባ መኪና ውስጥ «ልክ ነሽ፤ አቀባይ የሌለው ቡድን ዋንጫ አይበላም» አሉ። ተገላገልኩ ብዬ «እንግዲያው በኅዳር ሆስፒታል ይገባሉ» አልኳቸው። ዞር ብለው አዩኝና «ለሚያሸንፍ ቡድንማ ሰው መቼ ይጠፋል? እኔ የምፈለገው ለእንዲህ ያለው ነው። እኔና እናትሽ ከሊጉ በወረድንበት ዓመት እንኳ ወንበሩን ባዶ አድርገን አናውቅም» አሉኝ።

ይኸውልህ፤ ያሸንፋል ብትላቸው አይታከሙም፣ ይሸነፋል ብላቸው አይታከሙም። ምከረው ምከረው የሚለውን ተረት በአባቴ ላይ መተረት ነውር ሆኖብኝ እንጂ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። አኩርፌ ሰነበትኩ። ትናንት ራሳቸው ግድግዳውን ይዘው ክፍሌ ድረስ መጡና፣ ወንበራቸው ላይ የሚቀመጥ ሰው ከተገኘ ሆስፒታል እንደሚገቡ ነገሩኝ። እኔ እቀመጣለሁ አልኳቸው። «አንቺ? አንቺማ ታሟርቺባቸዋለሽ። ዋንጫው የእኛ ነው ያለው ይምጣና ይቀመጥ» አሉ።

ስለዚህ ና። ቀጠሮው በኅዳር ሁለተኛ ሳምንት ነው፤ አለቃህን ዛሬውኑ ፈቃድ ጠይቅ። ሽንፈቱን ሁሉ እስከ መጨረሻው ፊሽካ ታየዋለህ፤ ሳይጠናቀቅ መውጣት የለም፣ ዩርጊስ ይጠብቅሃል። የእማማን አረንጓዴ የደጋፊ ሻርፕ አጥቤልሃለሁ።

ሚግሌን ጉንጯን ሳምልኝ፤ ዶማስን በአክስቱ ስም አቅፈው። ዩርጊስ ሰላም ብሎሃል፤ ከዚያ በጢስ ከደረቀው ዓሣችሁ ይዘህ እንድትመጣ አደራ ብሏል። አባባ ግን ሰላምታ አልላኩም፤ «ሲመጣ እሰጠዋለሁ» ብለዋል።

እህትህ አውድሮኔ

ቫርዡፒስ፣ ሊትዌኒያ
መስከረም 18 ቀን