ከአሥራ አራቱ ቀሚስ የቆረጥኩት ምልክት

ልጄ አፀደ፣ ሥላሴ በምትሄጂበት ሁሉ ይቅደሙልሽ፤ የሽሮ ሜዳ ዳገት አያድክምሽ። እኛ እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ደኅና ነን። የወንድምሽ የማቲያስ ሠርግ እዚሁ ቅርባችን አሌክሳንድሪያ ላይ አምሮ አለፈ። አባትሽም የጉልበቱን ሕመም ረስቶ ሲጨፍር አመሸ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ያነክሳል።

ፎቶውን አይተሽ «የሴቶቹን ጥለት ማን ሠራው?» ብለሽ ስትጠይቂኝ ዝም ያልኩት አፍሬ ነው። ለሴቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ቀሚስ የመግዛቱ ኃላፊነት ለእኔ ነበር የተሰጠው። አንቺ ከምታሠሪያቸው ሸማኔዎች ላዝ አስቤ፣ ሁለት ወር ይፈጃል ስትዪኝ ቸኮልኩ። ሴቨን ኮርነርስ ገበያ ሄድኩና ከቻይና የመጣ፣ ጥለቱ በማሽን የታተመ፣ በላስቲክ የታሸገ አሥራ አራት ቀሚስ ገዛሁ። የሠርጉ ዋዜማ መኝታ ቤቴን ዘግቼ አንገቱ ላይ ያለውን የፋብሪካ ምልክት አንድ በአንድ በመቀስ ቆረጥኩ። ሴቶቹ «የአፀደ ሥራ ነው?» ሲሉኝ አዎ አልኩ። እነሱም እጇ ይባረክ ብለው መረቁሽ።

ሸማኔሽ ጋሽ ጫቦ በፋብሪካ ጥለት የተነሣ ገበያ አጥተው፣ ሽመናውን ትተው ዘበኛ ሆኑ ያልሽኝ ጊዜ ፋብሪካውን ስረግም ነበር። ፋብሪካ ግን ያለ ገዢ አይሠራም፤ ገዢዋ እኔው ነኝ።

እባክሽ እሳቸውን ፈልጊልኝና አንድ ነጠላ ይሥሩልኝ። የፈለገውን ያህል ጊዜ ይፍጅ። ጠርዙ ላይ ስማቸውን ጥለፊበት፤ ያንን አልቆርጠውም።

እንጀራሽን የሚነጥቅ እጅ ይራቅልሽ፣ ልጄ፤ የእናትሽም ቢሆን።

እናትሽ ወለተሥላሴ